ከ«ተመርመሩ» በኋላ ያለውም ይጻፍ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በቅርቡ ሴቶች የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ እንዲያደርጉ የሚያሳስብ ጽሑፍ በጋዜጣችሁ ላይ አንብቤአለሁ። በሙያው ውስጥ ያለ ሰው እንኳ የሚነቅፈው ብዙ ነገር የለበትም፤ ነገር ግን በየዓመቱ በጥር ወር እንደሚወጡት መሰል ጽሑፎች ሁሉ «ተመርመሩ» ብሎ ያበቃል። ተመርምራ «ጤናማ ያልሆነ ነገር ታይቷል» የተባለች ሴት ቀጥሎ ወዴት እንደምትሄድ፣ ምን እንደሚደረግላት፣ የተነገራት ነገር ካንሰር ማለት ይሁን አይሁን የሚገልጽ አንድ መስመር አላገኘሁበትም። እኔ በአንድ ሪፈራል ሆስፒታል የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ሆኜ የምሠራ እንደመሆኔ በየሳምንቱ የማገኛቸው እነዚሁ ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀታቸውን ይዘው የሚመጡት ኑዛዜያቸውን ጨርሰው ነው፤ ከእነሱ ይልቅ የሚያሳስቡኝ ግን ደንግጠው ጭራሹን ያልመጡት ናቸው።

ስለዚህ የጎደለውን ክፍል ለአንባቢዎቻችሁ ለማብራራት፣ በዚያውም ለጤና ቢሮዎችና ለሆስፒታል አስተዳደሮች አንድ ጥያቄ ለማቅረብ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ። ጥያቄው ከሴትየዋ ማህፀን በር የተወሰደ ናሙና ሥጋ በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ እስኪደርስና ውጤቱ ለእሷ እስኪነገራት ድረስ ኃላፊነቱ የማን ነው የሚል ነው።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ቅድመ ምርመራ ስለ ካንሰር የመጨረሻ ቃል የሚናገር ምርመራ አለመሆኑ ነው። ሥራው ደህና ነኝ ብለው ከሚመጡት ብዙ ሴቶች መካከል ይበልጥ ቀርበው መታየት የሚገባቸውን መለየት ብቻ ነው። የማህፀን በር ካንሰር ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚመጣው ኤችፒቪ በተባለው ቫይረስ ሲሆን፣ ከቫይረሱ ዝርያዎች መካከል 16 እና 18 የሚል ቁጥር የተሰጣቸው ሁለቱ ብቻ 70 በመቶ ለሚሆነው የዚህ ካንሰር ዓይነት ምክንያት ናቸው። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍና እጅግ የተስፋፋ በመሆኑ አብዛኛው ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ሳይዘው አያልፍም፤ በአብዛኞቹም ላይ ሰውነት ራሱ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ያጠፋዋል። ሳይጠፋ ለዓመታት ሲቆይ ነው የማህፀን በር ሴሎች ቀስ በቀስ የሚለወጡት። የሰውነቷ የመከላከል አቅም ደህና በሆነ ሴት ላይ ይህ ለውጥ ወደ ካንሰር እስኪደርስ ከ15 እስከ 20 ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ኤችአይቪ በደሟ ኖሮ መድኃኒት በማትወስድ ሴት ላይ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል። የእኛ ሥራ በሙሉ የሚሠራው በዚህ ረጅም የጊዜ ክፍተት ውስጥ ነው።

በነገራችን ላይ ቫይረሱ ለብዙ ዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳይ ስለሚቀመጥ፣ ዛሬ ተገኘ ማለት ትናንት ተያዘ ማለት አይደለም። ይህን የምጽፈው በውጤት ወረቀት ምክንያት ሲጣሉና ሲወነጃጀሉ ያየኋቸው ባልና ሚስቶች ጥቂት ስላልሆኑ ነው። ወረቀቱ ማን ከማን እንዳመጣው፣ መቼም እንዳመጣው ሊናገር አይችልም።

በጤና ጣቢያዎቻችን በስፋት የሚሠራው ቪአይኤ የሚባለው ምርመራ ነው። የሠለጠነች ነርስ ወይም አዋላጅ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ በጥጥ ነክራ የማህፀን በሩን ትቀባና አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቃ በዓይኗ ትመለከታለች፤ የተለወጡ ሴሎች ያሉበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። በአገራችን ምርመራው በዋናነት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ለሆኑ ሴቶች የሚሰጥ ሲሆን፣ ነጩ ቦታ ከታየና ሁኔታው ከፈቀደ በዚያው ቀን፣ ናሙና ሳይወሰድ፣ በቅዝቃዜ በሚሠራው ክራዮቴራፒ ወይም በሙቀት በሚያቃጥለው መሣሪያ ይታከማል። ሁኔታው ከፈቀደ ስል ለውጡ ከማህፀን በሩ ሦስት አራተኛ ያልበለጠ፣ ወደ ውስጥ ወደ ማህፀን በሩ ቦይ ያልዘለቀ፣ ዳርቻው ሙሉ በሙሉ የሚታይና ካንሰር የማያስጠረጥር ከሆነ ማለቴ ነው።

አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ ይህን አሠራር ያለ በቂ ማረጋገጫ ማከም ነው ብለው ይነቅፉታል። እውነት ነው፤ በአሴቲክ አሲድ ነጭ የሚሆነው ሁሉ አደገኛ ለውጥ አይደለም፤ ቁስለትና ብግነትም ነጭ ሊሆን ስለሚችል ሕክምናው የማያስፈልጋት ሴትም ትታከማለች። ሆኖም ከገጠር ቀበሌ በእግርና በባጃጅ የመጣችን ሴት «ውጤትሽን ከወር በኋላ ተመልሰሽ ውሰጂ» ብሎ ማሰናበት ከዚያ የባሰ ጉዳት እንዳለው ስላየሁ አሠራሩን እደግፋለሁ። የማልደግፈው «እያየን እናክማለን» የሚለውን ብሂል ሁለተኛውን መንገድ ላለመዘርጋት ሰበብ ማድረግን ነው። በዚያው ቀን መታከም የማይችሉ ሴቶች አሉ፤ ለእነሱ የተዘጋጀው መንገድ ግን አንድ ቁራጭ የሪፈር ወረቀት ብቻ ነው።

ይህ ሁለተኛው መንገድ የሚጀምረው በኮልፖስኮፒ ነው። ስሙ የሚያስፈራ ቢሆንም መሣሪያው ከሰውነት ውጭ ቆሞ ብርሃን እያበራ የማህፀን በሩን ብዙ እጥፍ አጉልቶ የሚያሳይ መነጽር ነው፤ ወደ ሰውነት የሚገባ አንዳች ክፍል የለውም። ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ ሂንዝልማን በሐምቡርግ የሠራው በ1925 እ.ኤ.አ. ነው፤ መቶ ዓመት የሞላው መሣሪያ በብዙ ሆስፒታሎቻችን ዛሬም አለመኖሩ በራሱ ደብዳቤ የሚያስጽፍ ጉዳይ ነው። ሴትየዋ ለተለመደው የማህፀን ምርመራ እንደምትተኛ ሆና ትተኛለች፣ ብልትን ከፍቶ የሚይዘው ስፔኩለም ይገባል፣ ከዚያም ያው አሴቲክ አሲድ ይቀባል። ሐኪሙ የሚፈልገው የውስጠኛውና የውጨኛው ሴሎች የሚገናኙበትን መስመር ነው፤ አብዛኛው ለውጥ የሚነሣው ከዚያ ስለሆነ መስመሩ ዙሪያውን ካልታየ «ደህና ነሽ» ማለት አይቻልም። ነጭ የሆነው ቦታ ምን ያህል እንደደመቀ፣ ጠርዙ የተሳለ ወይም የደበዘዘ መሆኑ፣ በአረንጓዴ ብርሃን ሲታይ ትናንሽ የደም ሥሮቹ ነጠብጣብ ወይም የሸክላ ንጣፍ የሚመስል ንድፍ መሥራታቸው አንድ በአንድ ይመዘናል። አንዳንድ ጊዜ የአዮዲን ውሕድም ይጨመራል፤ ጤነኛ ሴሎች አዮዲኑን ጠጥተው ጠቆር ያለ ቡናማ ሲሆኑ የተለወጡት ቢጫ ሆነው ይቀራሉ። ሁሉም ነገር ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ያልቃል። ከምርመራው በፊት ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ግንኙነት አለማድረግና ወደ ብልት የሚገባ መድኃኒት አለመጠቀም በቂ ዝግጅት ነው፤ የወር አበባ በብዛት በሚፈስበት ቀን ባይሆን ይመረጣል።

አጠራጣሪ ቦታ ከተገኘ በቀጭን መቆንጠጫ ጥቂት ሚሊ ሜትር የምታህል ሥጋ ትወሰዳለች። ባዮፕሲ የሚባለው ይህ ነው። ከአንድ ቦታ ብቻ መውሰድ የባሰውን ቦታ ሊያስት ስለሚችል እንደ አስፈላጊነቱ ሁለት፣ ሦስት፣ አራትም ይወሰዳል። ለውጡ ወደ ቦዩ የገባ ከመሰለ ወይም መስመሩ ካልታየ የቦዩ ውስጠኛ ግድግዳ በትንሽ መሣሪያ ይፋቃል፤ ይህኛው ለነፍሰ ጡር ሴት አይደረግም። ሕመሙ እንደ ሴቷ ይለያያል፤ አብዛኞቹ ቁንጥጫና የወር አበባ ቁርጠት የመሰለ ስሜት ይነግሩኛል። ደሙን ለማቆም የሚቀባው ብረት አዘል መድኃኒት ለጥቂት ቀናት ጠቆር ያለ ፈሳሽ ስለሚያስከትል፣ ይህን አስቀድሞ ያልተነገራት ሴት ሌሊቱን በፍርሃት ታድራለች። ለጥቂት ቀናት ከግንኙነት መቆጠብ ይገባል። «ከተነካ ይሰራጫል» የሚለው በየሰፈሩ የሚነገር ወሬ መሠረት የለውም፤ ናሙና በመውሰድ ካንሰር አይዛመትም፣ ባዮፕሲውም መካን አያደርግም።

በከተማ የግል ክሊኒኮች ፓፕ ስሚር የተባለውን፣ ከማህፀን በር የተጠረጉ ሴሎች በማይክሮስኮፕ የሚታዩበትን ምርመራ አሠርተው የሚመጡ ሴቶች ጉዳይ ትንሽ ለየት ይላል። የሚሰጣቸው ወረቀት በላቲን ፊደል የተጻፉ ምሕጻረ ቃላት ብቻ ስላሉበት ከኢንተርኔት ያነበቡትን ሁሉ አምነው ይመጣሉ። ባጭሩ፣ መለስተኛ ወይም ምንነቱ ያልለየ ለውጥ ከሆነ በኤችፒቪ ምርመራ ማረጋገጥ ወይም ከዓመት በኋላ መድገም ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ከፍተኛ ለውጥ ከሆነ ደግሞ ፓፕ ስሚሩን እንደገና ማሠራት ጊዜ ማባከን ነው፤ በቀጥታ ወደ ኮልፖስኮፒ መሄድ ያስፈልጋል። የኤችፒቪ ምርመራ አሠርታ 16 ወይም 18 የተገኘባትም እንደዚሁ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የኤችፒቪ ምርመራን ከቪአይኤና ከፓፕ ስሚር አስቀድሞ መክሯል፤ ሴትየዋ ናሙናውን ራሷ መውሰድ መቻሏም ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው።

የፓቶሎጂው ውጤት ሲመጣ ካንሰር ካልሆነ በሦስት ደረጃ ይጻፋል። አንደኛው ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ስለሚጠፋ ክትትል ይበቃዋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ይታከማሉ። ሦስተኛው ለምን ችላ ሊባል እንደማይገባ የምናውቀው እጅግ አሳፋሪ ከሆነ ታሪክ ነው። በኒውዚላንድ ኦክላንድ ከተማ በሚገኝ የሴቶች ሆስፒታል ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ ሦስተኛ ደረጃ ለውጥ የነበራቸው ሴቶች ሳይነገራቸው፣ ሳይፈቅዱም፣ ተገቢው ሕክምና ተነፍጓቸው እንዲሁ ሲታዩ ነበር። ጉዳዩ በ1988 እ.ኤ.አ. በመንግሥት አጣሪ ዘገባ ይፋ ወጣ። መዝገባቸው በኋላ ሲመረመር ናሙና ብቻ ተወስዶላቸው ካልታከሙት መካከል በ30 ዓመት ውስጥ 31 በመቶ ያህሉ በካንሰር ተይዘዋል፤ በአግባቡ ከታከሙት መካከል ግን የተያዙት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ሁለቱን ቁጥሮች የምጠቅሰው ውጤቷን ለመስማት ያልተመለሰች ሴት ከየትኛው ወገን እንደምትቆም ሁሉም እንዲያስብበት ነው።

እዚህ ላይ ነው ወደ ጥያቄዬ የምመለሰው። በብዙ ቦታ ናሙናው ከተወሰደ በኋላ ሥጋ እንዳይበላሽ የሚያደርገው ፎርማሊን የተባለ ፈሳሽ ያለበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ይገባና ለራሷ ለሴትየዋ ወይም ለአስታማሚዋ ይሰጣል፤ «ከተማ ወስዳችሁ የግል ላቦራቶሪ አስመርምሩ» ይባላል። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት እናት እኔ ዘንድ ስትመጣ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ እንዲህ ያለ ጠርሙስ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ናሙናው በሌላ ቦታ ከተወሰደ ወራት አልፈዋል፤ ለላቦራቶሪው የሚከፈለው ገንዘብ እስኪገኝ ቤቷ ሣጥን ውስጥ ቆልፋበት ኖራለች። ክዳኑ በደንብ ስላልገጠመ ፎርማሊኑ ፈስሷል፣ በፕላስተሩ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው ስሟ ጠፍቷል፣ ከውስጥ የቀረው የደረቀ ቅንጣት ለምንም የማይሆን ነበር። ለምን ቶሎ እንዳልመጣች ስጠይቃት «የራሴው አካል አይደል ዶክተር፣ ገንዘብ ሳይኖረኝ ይዤው የት እደርሳለሁ ብዬ ነው» አለችኝ። ምርመራውን ከመጀመሪያው ደገምንላት። ጥፋቱን ለእሷ የሚሰጥ ሰው ካለ አልስማማም።

ለደም ናሙና እንዲህ አናደርግም። የኤችአይቪ የቫይረስ መጠን ምርመራና የሳንባ ነቀርሳ አክታ ከጤና ጣቢያ ወደ ላቦራቶሪ በተደራጀ መንገድ፣ በሞተርና በፖስታ ጭምር፣ ሲጓጓዝ ኖሯል፤ ታካሚው ይዞ እንዲዞር አይጠየቅም። በፎርማሊን የተቀመጠ ሥጋ ደግሞ በረዶ አያስፈልገውም፣ መንገድ ላይ ጥቂት ቀን ቢቆይም አይበላሽም፤ የሚያስፈልገው የሚገጥም ክዳን፣ የማይለቅ ጽሑፍና በትክክል የተሞላ መጠየቂያ ወረቀት ነው። ስለዚህ ያው መኪና፣ ያው ሞተር ሳይክል የማህፀን በር ናሙናንም የማይጭንበት ምክንያት ለእኔ አይታየኝም። የፓቶሎጂ ባለሙያዎች እጥረት እንዳለብን አውቃለሁ፤ እሱ በአንድ በጀት ዓመት የሚፈታ አይደለም። ናሙናን መመዝገብና ማድረስ ግን የባለሙያ እጥረት ጉዳይ አይደለም፤ አንድ መዝገብ፣ አንድ ስልክና ስሟ የሚታወቅ አንዲት ኃላፊ ነርስ የሚጠይቅ ሥራ ነው። መዝገቡ ናሙናው የተወሰደበትን ቀን፣ ላቦራቶሪ የደረሰበትን ቀን፣ ውጤቱ የመጣበትንና ለሴትየዋ የተነገረበትን ቀን ይያዝ፤ አራተኛው ዓምድ ባዶ የሆነባት ሴት በየሳምንቱ ትፈለግ። ስልክ ከሌላት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቷን ታውቀዋለች።

ሆስፒታሎች አፈጻጸማቸውን ሲዘግቡ ስንት ሴት እንደመረመሩ በኩራት ይጽፋሉ። የዓለም የጤና ድርጅት በኅዳር 2013 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ዕቅድ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ድረስ ከልጃገረዶች 90 በመቶው እንዲከተቡ፣ ከሴቶች 70 በመቶው እንዲመረመሩ፣ ለውጥ ወይም ካንሰር ከተገኘባቸው ደግሞ 90 በመቶው እንዲታከሙ ይላል። የመጀመሪያው ግብ በ2011 ዓ.ም. የኤችፒቪ ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር መልክ መያዝ ጀምሯል፤ ሁለተኛውን በዘመቻ እንሮጥበታለን፤ ሦስተኛውን የሚቆጥረው ሰው ግን በየሆስፒታሉ ማን እንደሆነ ብትጠይቁ መልስ የምታገኙ አይመስለኝም።

ስለ ሕክምናው ጥቂት ልጨምር። በክራዮቴራፒ የማይሆነው ለውጥ ሊፕ በሚባለው ዘዴ፣ በኤሌክትሪክ በሚሠራ ቀጭን የሽቦ ቀለበት፣ ቦታው በመርፌ ከደነዘዘ በኋላ ተቆርጦ ይወጣል፤ የወጣው ሥጋ ተመልሶ ለፓቶሎጂ ስለሚላክ ሕክምናም ምርመራም ነው። የሽፋን ሳይሆን ፈሳሽ የሚያመነጩት የዕጢ ሴሎች ለውጥ ከሆነ ወይም ካንሰር ሊጀምር ነው የሚል ጥርጣሬ ካለ በቀዶ ጥገና ክፍል ሰፋ ተደርጎ በምላጭ ይወጣል። እነዚህ ሕክምናዎች በሚቀጥለው እርግዝና ያለ ጊዜ የመውለድን ዕድል በመጠኑ ሊጨምሩ ስለሚችሉ፣ ገና ለምትወልድ ወጣት ለማንኛውም መለስተኛ ለውጥ መቸኮል ትክክል አይደለም። ነፍሰ ጡር ከሆነች ኮልፖስኮፒ ሊሠራላት ይችላል፤ ካንሰር ካልተጠረጠረ በቀር ሕክምናው ከወሊድ በኋላ ይደርሳል። የወር አበባቸው የቆመ እናቶች መስመሩ ወደ ውስጥ ስለሚገባ በቪአይኤ በደንብ አይታዩም፤ ለእነሱ «ነጭ ነገር የለም» ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸው ሴቶች በማህፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ስድስት እጥፍ ስለሚሆን ቀደም ብለው መጀመርና ቶሎ ቶሎ መመርመር አለባቸው።

አንድ ልማድ ደግሞ በግልጽ ልቃወም። ከግንኙነት በኋላ የሚደማት፣ የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ ደም ያየች ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ያላት ሴት ስትመጣ፣ በማህፀን በሯ ላይ በዓይን የሚታይ እብጠት እያለ ፓፕ ስሚር አዝዞ ውጤት መጠበቅ ስሕተት ነው፤ ቁስሉ ላይ ክራዮቴራፒ መሥራትም የባሰ ስሕተት ነው። በቀጥታ ናሙና መወሰድ አለበት። ናሙና ሳይወሰድም «ማህፀኗ ይውጣ» ብሎ ወደ ቀዶ ጥገና መሮጥ አለ፤ ማህፀኑ ከወጣ በኋላ ካንሰር ሆኖ ሲገኝ በመጀመሪያ መሠራት የነበረበትን ሰፊ ቀዶ ጥገና መሥራት አስቸጋሪ ይሆናል፤ ሴትየዋም ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛ የነበረውን የጥቁር አንበሳን የጨረር ሕክምና ወረፋ ስትጠብቅ ትኖራለች። አሁን ሌሎች ማዕከላት መከፈታቸው ቢያስደስትም፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሥጋ አስቀድሞ በመውሰድ ሊቀር የሚችል ወረፋ መጨመር የለበትም።

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው በሚቀጥለው ዘመቻ ወቅት «የት ልመርመር» ከሚለው ዝርዝር ጎን ኮልፖስኮፒና ሊፕ የሚሠራባቸውን ሆስፒታሎችም ጠይቃችሁ እንድታትሙ ነው። እስከዚያው ድረስ ናሙና የተወሰደላት አንባቢ ውጤቷ ካልተነገራት «ደህና ብሆን ነው ያልጠሩኝ» ብላ አትቀመጥ፤ ካርዷን ይዛ ናሙናው ወደ ተወሰደበት ክፍል ትመለስና ናሙናው መቼ እንደተላከ፣ ወደየትኛው ላቦራቶሪ እንደሄደ በስሟና በካርድ ቁጥሯ ታጣራ። ውጤቱ ሲገኝም ዋናውን ለሐኪሟ፣ ቅጂውን ለራሷ ታስቀር።

ከአክብሮት ጋር፣
የማህፀንና ጽንስ ሐኪም፣ ከአማራ ክልል